በትንሽ መኪና ውስጥ ሮል ኬጅ፦ ባለ ስድስት እግር የብሎን ኬጅ በስታርሌት ላይ

ሮል ኬጅ (መኪና ቢገለበጥ ሾፌሩን እንዲከላከል በመኪናው ውስጥ የሚገጠም የብረት ቱቦ አጥር) ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቱቦው ውፍረት ነው፤ እኔም ያንኑ ጠይቄ ነበር። ስድስት እግር ያለውንና በብሎን የሚታሰረውን ኬጅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተሠራች ባለ ሦስት በር ቶዮታ ስታርሌት ውስጥ ገጥሜ ስጨርስ ግን፣ በትንሽ መኪና ከቱቦው በፊት መለካት ያለበት በሾፌሩ ራስና በብረቱ መካከል የሚተርፈው ቦታ እንደሆነ፣ ከዚያም ቀጥሎ መመርመር ያለበት የኬጁ እግሮች የሚያርፉበት ወለል እንደሆነ ተረድቻለሁ። ያጋጠመኝ ጉድለት በእጄ በገባው አንድ ኬጅ ላይ የታየ እንጂ የአምራቹን ሥራ ሁሉ የሚወክል መሆኑን ስለማላውቅ ስሙን አልጠቅስም። መኪናዋ የምትነዳው በዝግ የውድድር ሜዳ ላይ ብቻ እንደሆነ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ኬጁ ጥሩ ነው ወይም አይደለም ስል የምፈርደው ለዚህ አገልግሎት ነው።

ኬጁ የያዛቸው ክፍሎች የተለመዱት ናቸው፦ ከሾፌሩ ጀርባ የሚቆም ከአንድ ወጥ ቱቦ የታጠፈ ዋና ቅስት፣ ከቅስቱ ተነሥተው በጣሪያው ጠርዝና በፊት መስታወቱ ምሰሶ በኩል ወደ ወለል የሚወርዱ ሁለት የጎን ቱቦዎች፣ ወደ ኋላ ጎማ ቤቶች የሚዘረጉ ሁለት ደጋፊዎች፣ በቅስቱ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ሰያፍ ቱቦ፣ እንዲሁም ሁለት የበር ቱቦዎች። ላሜራዎቹና ብሎኖቹ ሲጨመሩ 37 ኪሎ ግራም መዝኗል። ይህን ያህል ክብደት፣ በአመዛኙም ከወገብ በላይ፣ ለቀላል መኪና ቀላል ጭማሪ አይደለም፤ ይሁንና የኋላው መቀመጫ፣ ምንጣፉና የጣሪያው ጨርቅ ሲወጡ አብዛኛው ይካካሳል።

ስለ ብረቱ ምርጫ ብዙ ክርክር ቢሰማም ጉዳዩ በቁጥር ሲታይ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍ አይ ኤ) በአባሪ ጄ አንቀጽ 253 ያስቀመጠው ደንብ ዋናው ቅስት ስፌት ከሌለው በቅዝቃዜ ከተሳበ የካርበን ብረት ቱቦ እንዲሠራ ያዛል፤ መጠኑም (የቱቦው የውጭ ስፋት በግድግዳው ውፍረት) ወይ 45 በ2.5 ሚሊ ሜትር፣ ወይ 50 በ2 ሚሊ ሜትር፣ ቢያንስ ነው። የጎን ቱቦዎቹና ሌሎቹ ክፍሎች በ38 በ2.5 ወይም በ40 በ2 ሊሠሩ ይችላሉ። ሁለቱን የቅስት አማራጮች ስናወዳድር፣ 45 በ2.5 የሆነው በሜትር 2.6 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን 50 በ2 የሆነው 2.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መታጠፍን በሚቋቋም ግትርነት ረገድም ሰፊው ቱቦ ቢቀልም 15 በመቶ ያህል ይበልጣል። በወረቀት ላይ ምርጫው ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በስታርሌት ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ማለት የራስ ቦታ ነው፤ ቀጭን ግድግዳ ያለው ቱቦም በአንድ ነጥብ ሲመታ ቶሎ ይሰረጉዳል። ስለዚህ 45 በ2.5 መረጥሁ፣ እስካሁንም አልተጸጸትሁም። ክሮሞሊ ስለሚባለው ውድ ብረት የሚጠይቁኝም አሉ፤ የክሮሞሊ እፍጋትና ግትርነት ከተራው ብረት ጋር አንድ ያህል ስለሆነ፣ የሚጠቅመው ጥንካሬውን ተመክቶ ቱቦውን ማቅጠን ሲፈቀድ ብቻ ነው። በዚያው ውፍረት ገዝቶ ክብደት ቀነስሁ ማለት ራስን ማታለል ነው፤ በብየዳውም ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከመግዛቴ በፊት ያደረግሁት አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። የ50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ ቆርጬ ከሾፌሩ በር በላይ በጣሪያው ጠርዝ፣ ሌላም ከመቀመጫው ኋላ በአግድም በፕላስተር አጣብቄ፣ ሄልሜቴን አድርጌ፣ ቀበቶዬን ታስሬ ተቀመጥሁ። በፋብሪካው መቀመጫ ላይ ሆኜ ራሴን ወደ ጎን ትንሽ ሳዘነብል ሄልሜቱ ቧንቧውን ነካው፤ ወደ ላይም የተረፈው ሁለት ጣት የማይሞላ ነበር። ይህ ማለት፣ ሰውነት በግጭት ጊዜ በቀበቶ ታስሮም ቢሆን እንደሚለጠጥ ለሚያውቅ ሰው፣ ኬጁ ራሱ የመጀመሪያው የሚመታን ነገር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ኬጁን ከማዘዜ በፊት መቀመጫውን ቀየርሁ። ጀርባው የማይተኛ የውድድር መቀመጫ ከፋብሪካው 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ 3 ሴንቲ ሜትርም ወደ መኪናዋ መሐል ተጠግቶ እንዲታሰር አደረግሁ። ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ሰው በዚህች መኪና ውስጥ ኬጅ ለማስገጠም ቢያስብ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በዚያች ቧንቧ ስር ተቀምጦ ይሞክረው።

በብየዳ ከሚገጠመውና በብሎን ከሚታሰረው የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ፣ የተበየደው እንደሚበልጥ አልክድም። ከመኪናው አካል ጋር አንድ ሆኖ ስለሚሠራ አካሉን ከመጠምዘዝ ይከላከላል፣ ቱቦዎቹም ወደ ጣሪያው ይበልጥ ይጠጋሉ። ችግሩ በትንሽ መኪና ውስጥ የላይኛውን መጋጠሚያ ዙሪያውን ለመበየድ የበያጁ እጅና መሣሪያ የሚገቡበት ክፍተት አለመኖሩ ነው። ጠንቃቃ በያጆች ወለሉን ከእግሮቹ ስር ቀድደው፣ ኬጁን ወደ ታች አውርደው የላዩን ከበየዱ በኋላ መልሰው አንሥተው ወለሉን ይዘጉታል። ያንን የሚያደርግ ባለሙያ ካልተገኘ፣ የላይኛው ጎኑ ሳይበየድ በቀለም የተሸፈነ መጋጠሚያ ይዞ ከመሮጥ በፋብሪካ ተበይዶ የመጣና በብሎን የሚታሰር ኬጅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው ሲደርስ መጀመሪያ ያየሁት መታጠፊያዎቹን ነው። ደንቡ የመታጠፊያው ራዲየስ ከቱቦው ስፋት ቢያንስ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለ45 ቱቦ 135 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ ከሞላለለም ጠባቡ ስፋት ለሰፊው ሲካፈል ከ0.9 ማነስ የለበትም። በካሊፐር ስለካው በዋናው ቅስት የግራ ትከሻ ላይ 43.1 እና 46.2 አገኘሁ፤ 0.93 ማለት ነው፣ በቂ ነው። በውስጠኛው ጎን ምንም ዓይነት ሽብሽብ አልነበረም። ብየዳውም ወጥና ንጹሕ ነው። እስከዚህ ድረስ ለአምራቹ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ነጥቡ መቀነስ የጀመረው የብሎኖቹ ከረጢት ሲከፈት ነው። ለእያንዳንዱ የቅስትና የፊት እግር ሦስት፣ ለእያንዳንዱ የኋላ ደጋፊ ሁለት፣ በድምሩ 16 ኤም 8 (8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው) ብሎኖች ነበሩ። የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 ወይም ከዚያ በላይ መሆን ስላለበት ቁጥሩ ጭንቅላታቸው ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ከ16ቱ ግን ሁለቱ ምንም ምልክት የሌላቸው ልሙጥ ነበሩ። በ13 ቁልፍ የሚፈታ ተራ ብሎን ይሁን ትክክለኛው ይሁን በዓይን መለየት አይቻልም። ሁሉንም ትቼ ምልክት ያላቸውን አዲስ ብሎኖች ራሳቸውን ከሚቆልፉ ዳዶዎች ጋር ገዛሁ። ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቅር ያሰኘኝ ምንም ሳይመረምር በሚገጥም ሰው እጅ ቢገባ የሚሆነውን ሳስብ ነው። የተላከው መመሪያም አንድ ገጽ ሥዕል ብቻ ሲሆን፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ እንኳ አይናገርም። ለደረቅ ኤም 8 ደረጃ 8.8 ብሎን 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ የተለመደው ልክ ነው።

ዋናውን ቅስት ማስገባት ከፈራሁት ቀለለኝ። መቀመጫዎቹና መሪው ወጥተው ቅስቱ በኋላው በር በኩል በጎኑ ተኝቶ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፊት ተገፍቶ ውስጥ ይቆማል። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ የጣሪያውን ብረት እንዳይቧጥጥ ብርድ ልብስ ይዞ ይቆማል። አስቸጋሪው ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ በወለሉ ላይ የተጣበቀውን ድምፅ ማፈኛ ሬንጅ እስከ ባዶ ላሜራ ድረስ መፋቅ። ይህን ሥራ ማንም አያወድሰውም፤ ሬንጁ ግን በብየዳ ጊዜ ይቀጣጠላል፣ በእግሩና በወለሉ መካከል ሲቀርም እየተጨመቀ ብሎኑን ያላላዋል።

አሁን ወደ እግሮቹ ልምጣ። የትንሽ መኪና ወለል ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ላሜራ ነው። መኪና ሲገለበጥ ጠቅላላ ክብደቱ በቱቦው በኩል ወርዶ በዚያ ስስ ላሜራ ላይ ሲያርፍ፣ ኃይሉ ካልተበተነ ቱቦው ሳይታጠፍ ወለሉን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ደንቡ ለእያንዳንዱ የቅስትና የፊት እግር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጠናከሪያ ላሜራ፣ ለኋላ ደጋፊዎቹም 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ይህ ስፋት የላሜራው ስፋት ሳይሆን ላሜራው የመኪናውን አካል በእርግጥ የሚነካበት ስፋት ነው። ሁለተኛ፣ ኬጁ በብሎን የሚታሰር ቢሆንም ማጠናከሪያው ላሜራ ከአካሉ ጋር መበየድ አለበት፤ ስለዚህ «ብየዳ የማይፈልግ ኬጅ» የሚለው የሻጮች አባባል ቢያንስ በዚህ ደንብ ለሚወዳደር ሰው አይሠራም።

ከኬጁ ጋር የመጣው የግራ የፊት እግር ላሜራ 120 በ110 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 132 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በወረቀት ላይ ያልፋል። ወለሉ ግን በዚያ ቦታ ወደ በሩ ደፍ ሲጠጋ ክብ እየሆነ ይነሣል፣ ላሜራው ደግሞ ዝርግ ነው። በቦታው ሳስቀምጠው አንዱ ጥግ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቆመ። ወለሉን በጠመኔ ቀብቼ ላሜራውን በኃይል ጫንሁበትና ገልብጬ አየሁት፤ ጠመኔው የያዘው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነበር። ይህም 88 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በብሎን ሲጠብቅ ይጠጋል ብሎ መተው ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ብሎኑ የሚጠጋው ወለሉን አጣምሞ እንጂ ላሜራውን አስተካክሎ አይደለም። ላሜራውን በሞርሳ አስሬ፣ ጥቂት ጥቂት እየመታሁ፣ በየጊዜው በጠመኔ እያመሳከርሁ የደፉን ቅርጽ እንዲይዝ አደረግሁት። ለአንዲት ላሜራ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ነው በያጅ የጠራሁት። የቀሩት አምስት እግሮች ያለ ችግር ተቀምጠዋል፤ የኋላ ደጋፊዎቹም ከቀጥታው ቁመት አንጻር 34 ዲግሪ ሆነው ስለወጡ ቢያንስ 30 መሆን አለበት የሚለውን ያሟላሉ።

ወለል ከመብሳት በፊት ከስር ማየት ግዴታ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ይላል፤ እኔም እያልሁ ልስት ነበር። ለቀኝ ቅስት እግር መጀመሪያ በ4 ሚሊ ሜትር መብሻ የሙከራ ቀዳዳ ከፍቼ ከስር ገብቼ ስመለከት፣ የመብሻው ጫፍ የወጣው ከፍሬን ቱቦው አንድ ጣት ያህል ብቻ ርቆ ነበር። ቱቦውን ከማሰሪያው ፈትቼ ወደ ጎን ሳልወስድ ሥራውን አልቀጠልሁም። የነዳጅ ቱቦውም ወለሉን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ ነዳጁ ከአካባቢው ርቆ፣ እሳት ማጥፊያ ይዞ የሚቆም ሰው ሳይኖር ብየዳ መጀመር የለበትም።

የፊት እግሮቹ በዳሽቦርዱ በኩል ነው የሚያልፉት። ዳሽቦርድን የሚዞሩ ኬጆችም አሉ፤ ፕላስቲኩ እንዳይቆረጥ ለሚሳሳ ሰው ያጓጓሉ። እኔ ግን አልመክራቸውም። የፊቱ ምሰሶ ቀጥ ያለ ወይም የመስታወቱን ምሰሶ ተከትሎ አንድ መታጠፊያ ብቻ ያለው፣ የታችኛው ክፍሉም ቀጥ ብሎ የሚወርድ መሆን እንዳለበት ደንቡ ያዛል። ዳሽቦርዱን ለመሸሽ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቱቦ ከላይ ሲጫን በመታጠፊያው ላይ ይታጠፋል፤ በዚያ ላይ ትንሽ መኪና ውስጥ የሾፌሩ ጉልበት የሚገኘው ልክ እዚያ ነው። የዳሽቦርዱን ሁለት ጫፎች በመጋዝ ቆርጬ ቱቦውን አሳለፍሁት። ውበቱ እንደ ቀድሞው አይደለም።

የበር ቱቦዎቹ በእያንዳንዱ በር አንድ ሰያፍ ናቸው። ሁለት ቱቦዎች ተሻግረው የኤክስ ቅርጽ ሲይዙ የጎን ግጭትን በተሻለ እንደሚከላከሉ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በዚህች ጠባብ በር ሄልሜት አድርጎ መግባትና በተለይም በችኮላ መውጣት መቻሉን ሳልሞክር አልጨምርም። በዋናው ቅስት ውስጥ ያለው ሰያፍ ቱቦ ከሾፌሩ ራስ ኋላ ካለው ጥግ ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው እግር ይወርዳል፤ እሱ ባይኖር ቅስቱ መኪናው በጎኑ ሲወድቅ እንደ ተከፈተ ሳጥን ሊንጋደድ ይችል ነበር። ያሳዘነኝ የትከሻ ቀበቶ የሚታሰርበት አግዳሚ ቱቦ አለመካተቱ ነው። የትከሻ ቀበቶ ከመቀመጫው ጀርባ አናት ወደ ኋላ ሲወርድ ከአግድም ከ45 ዲግሪ በላይ መውረድ የለበትም፤ አጭር ስፍራ ባላት ትንሽ መኪና ወለል ላይ ቢታሰር ግን ቁልቁል ይሆንና በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። አግዳሚውን ለብቻው ማዘዝ ነበረብኝ። በገዛ እጅ መበየድም አይገባም፤ የምስክር ወረቀት ባለው ኬጅ ላይ ማንኛውም ለውጥ፣ የእሳት ማጥፊያ መያዣ መበየድም ሳይቀር፣ የምስክር ወረቀቱን ዋጋ ያሳጣዋል።

ቱቦዎቹን የሚሸፍነው ስፖንጅ አብሮ የመጣ ቢሆንም አውልቄ ጥያለሁ። በጣት ሲጫን እስከ ብረቱ የሚሰምጥ፣ የውኃ ቧንቧ ላይ የሚለበስ ዓይነት ነበር። ሄልሜት ሊነካው በሚችል ቦታ የሚፈለገው በኤፍ አይ ኤ 8857-2001 ደረጃ የተሠራው ጠጣር መከላከያ ነው፤ ይህ በእጅ ሲነካ ሰሌዳ ይመስላል፣ ኃይሉን የሚውጠው ግን እሱ ነው። ከሄልሜት ጋር አብሮ እንዲሠራ የታሰበ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በመንገድ ላይ ያለ ሄልሜት፣ በተራ የሦስት ነጥብ ቀበቶ የሚነዳ ሰው ራሱ ከብረት ቱቦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ሲቀመጥ፣ ያለ ኬጅ በሰላም በሚወጣበት ቀላል ግጭት ሊሞት ይችላል። የጎን መጋረጃ ኤርባግ ባላቸው አዳዲስ ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ቱቦው በመጋረጃው መንገድ ላይ ይቆማል። የኋላ ወንበር ላይ ሰው ማስቀመጥ ጭራሽ አይታሰብም። ሙሉ ኬጅን ለዕለት መኪና የምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

በሜዳው ላይ የታየው ለውጥ ከጠበቅሁት ያነሰና የበዛ ነው። ያነሰው በአካሉ ግትርነት ነው፤ በመታጠፊያ ላይ መኪናዋ ትንሽ ጠንከር ማለቷ ይሰማኛል፣ ነገር ግን አዲስ ሞላ የሚያመጣውን ያህል እንኳ አይደለም። የበዛው በዕይታ ላይ ነው፦ የመስታወቱ ምሰሶና ቱቦው ተደምረው ሹል መታጠፊያ ላይ የሜዳውን ጠርዝ ይጋርዱብኛል፣ ራሴን ወደ ፊት አስግጌ ማየትን መልመድ ነበረብኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ ከ16ቱ ብሎኖች ሦስቱ ትንሽ ላልተው አገኘኋቸው፣ ሦስቱም በዚያችው በጠገንኋት የግራ የፊት ላሜራ ላይ ነበሩ፤ ቀለሙ ስር ተጨምቆ ነው ብዬ ገምቻለሁ። ቀለሙን ከመነካኪያው ላይ ፍቄ መልሼ ካጠበቅኋቸው ወዲህ በሁለት ተከታታይ ምርመራ አልተንቀሳቀሱም።

አምራቹ ስለ ላሜራውና ስለ ብሎኖቹ ለላክሁት መልእክት በትሕትና መልሶ፣ ፎቶና ልኬት እንድልክ ጠይቆ፣ ምትክ ብሎኖችና አዲስ ላሜራ ልኮልኛል። አዲሱም ላሜራ ዝርግ ነው።